ክላኜትስ፦ የስድስት ኪሎን ሐውልት ከቀረጹት የአንዱ የትውልድ ከተማ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ስድስት ኪሎ ስማር ለአራት ዓመት በየቀኑ ማለት ይቻላል በየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት በኩል አልፌያለሁ። ታክሲ ጠብቄበታለሁ። ሰው ቀጥሬበታለሁ። ማን እንደሠራው ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ነገሩ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከቀራጮቹ አንዱ የተወለደው ክሮኤሺያ ጠረፍ ላይ፣ ስሟን ሰምቼ በማላውቃት አንዲት ትንሽ የወንዝ ዳር ከተማ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለዚህች ከተማ የማላነበው ነገር የለም። ለጓደኞቼ ባወራሁ ቁጥር የሚቀርብልኝ ጥያቄ ስለሚመሳሰል እዚህ አንድ ላይ ሰብስቤዋለሁ። ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዋ የት ነው ያለችው?

በክሮኤሺያ ሰሜን ምዕራብ፣ ከስሎቬንያ ጋር በሚያዋስነው የሱትላ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ነች። ከዋና ከተማዋ ከዛግሬብ በመኪና አንድ ሰዓት ቢወስድ ነው። አካባቢው ዛጎርዬ ይባላል። ትርጉሙ ከተራራው ማዶ እንደማለት ነው። ተራራ የተባለው ከዛግሬብ በስተጀርባ ያለው ሜድቬድኒትሳ ነው፤ ስሙን ያወጡት ከዛግሬብ በኩል ሆነው የሚያዩት ሰዎች መሆን አለባቸው።

ክሮኤሺያ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ባሕሩን ነው፤ ሰማያዊ ውሃ፣ ነጭ ድንጋይ፣ መርከብ። ዛጎርዬ ሌላ አገር ነው። እርስ በርስ የተደጋገፉ ዝቅ ያሉ አረንጓዴ ኮረብታዎች፣ በየኮረብታው አናት ቤተ ክርስቲያን፣ በየተዳፋቱ የወይን ማሳ። ክረምቱ በረዶ ያለበት ነው። ከአዲስ አበባ ዙሪያ ኮረብቶች ጋር ላመሳስለው ሞክሬ ነበር፤ አልሆነም። የእነሱ ኮረብታ ትንንሽና ክብ ክብ ነው።

ስሟ እንዴት ነው የሚነበበው?

ክላኜትስ። ፈረንጆች ይህን ስም ለማንበብ ሲቸገሩ ማየት ያስቃል፤ መካከል ላይ ያለው ድምፅ የእኛው ኝ ነውና። ክሮኤሺያውያን እሱን ለመጻፍ ሁለት ፊደል ያጣምራሉ፣ እኛ በአንድ እንገላገላለን። በአካባቢው አነጋገር ክላኔትስ የሚባለው ጠበብ ያለ፣ ቁልቁል የሚወርድ መንገድ ነው፤ የቦታውን አቀማመጥ ላየ ስሙ ይገጥማል።

አነጋገራቸው ራሱ ወግ አለው። ክሮኤሺያኛ ሦስት ዋና ዋና ዘዬዎች አሉት። የሚጠሩትም በዘዬው ‹‹ምን?›› በሚለው ቃል ነው። በሥነ ጽሑፉ ቋንቋ ‹‹ሽቶ›› ነው፣ ባሕር ዳርቻና ደሴቶች አካባቢ ‹‹ቻ›› ይላሉ፣ ዛጎርዬ ደግሞ ‹‹ካይ››። ስለዚህ የክላኜትስ ሰዎች ‹‹ካይ ባዮች›› ናቸው።

ከተማ ናት ወይስ መንደር?

በሕግ ከተማ ናት። በዓይን ግን አንድ አደባባይ፣ አንድ ገዳም፣ አንድ ሙዚየምና ጥቂት መንገዶች ናት። በዙሪያዋ ያሉ መንደሮች ተጨምረው ነዋሪዋ 3 ሺህ አይሞላም፤ መሀል ከተማዋ ላይ ብቻ ያለው ሰው አምስት መቶ ምናምን ነው። እኛ ሰፈር አንድ ኮንዶሚኒየም ብሎክ ይበልጣታል ብዬ ለጓደኛዬ ነግሬው ነበር፤ ብዙም የተጋነነ አይመስለኝም።

ሱትላ ምን ዓይነት ወንዝ ነው?

ወንዝ ተብሎ ካርታ ላይ ይሳል እንጂ ዓባይን ለሚያውቅ ሰው ጅረት ቢለው አይፈረድበትም። ርዝመቱ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሰሜን፣ ከማጼል ተራራ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ከዛግሬብ በላይ ሳቫ ወንዝ ውስጥ ይገባል። ሳቫ ቤልግሬድ ላይ ከዳንዩብ ይገናኛል፣ ዳንዩብም ጥቁር ባሕር ይደርሳል። ስሎቬናውያን ይህንኑ ወንዝ ሶትላ ይሉታል።

ከክላኜትስ ትንሽ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ሸለቆው ድንገት ይጠባል። ወንዙ፣ የመኪናው መንገድና የባቡሩ ሐዲድ ተጠጋግተው በሁለት ተራሮች መካከል ይሾልካሉ። ይህ ጠባብ ሥፍራ ዜሌኛክ ይባላል፤ ‹‹ዜሌን›› አረንጓዴ ማለት ነው። ዛሬ በሕግ የተጠበቀ የተፈጥሮ ሥፍራ ነው።

ወንዙ ላይ የተሞከረ አንድ ትልቅ ነገርም አለ። በ1980 ከክላኜትስ በላይ ቮናርዬ በሚባል ቦታ ግድብ ተሠርቶ ሐይቅ ተፈጠረ። ዓላማው ጎርፍ መከላከልና ለሁለቱም ወገን ውሃ ማቅረብ ነበር። ከላይ የሚወርደው ቆሻሻ ግን ሐይቁን አበላሸው፤ ውሃው አረንጓዴ ለበሰ፣ ለመጠጥም አልሆነም። አሥር ዓመት እንኳ ሳይቆይ ውሃው ተለቀቀና ሐይቁ ባዶ ቀረ።

ወንዙ ድንበር የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ይህ ጥያቄ ደስ ይለኛል። አጭሩ መልስ ከድሮ ጀምሮ ነው፤ ግን ድንበሩ አንዴ ይጠብቃል፣ አንዴ ይላላል።

በመካከለኛው ዘመን ወዲያ ማዶ ስታይርያ የሚባል፣ በኋላ የኦስትሪያዎቹ የሀብስቡርግ ነገሥታት የያዙት ግዛት ነበር። ወዲህ ማዶ ደግሞ ከ1102 ጀምሮ ከሀንጋሪ ጋር በአንድ ዘውድ ሥር ያለችው ክሮኤሺያ ነበረች። በ1527 የክሮኤሺያ መኳንንትም የሀብስቡርጉን ፈርዲናንድ ንጉሣችን ብለው ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ለአራት መቶ ዓመት ገደማ በሁለቱም ዳር ጌታው አንድ፣ አስተዳደሩ ግን ሁለት ሆኖ ቆየ። 1918 ላይ ሁለቱም ዳር በኋላ ዩጎዝላቪያ በተባለችው አገር ውስጥ ገቡ። ድንበሩ የሰነድ መስመር ሆኖ ቀረ።

1941 መጣ። ናዚ ጀርመን የወንዙን ማዶ ጠቅልሎ ያዘ፤ ይቺ ቀጭን ውሃ የሂትለር ግዛት ጠረፍ ሆና አረፈችው። በሳቫና በሱትላ ዳርቻ ይኖሩ የነበሩ ከ30 ሺህ በላይ ስሎቬናውያን ከቤታቸው ተነቅለው ተጋዙ። በቤታቸው ከሌላ ቦታ የመጡ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ገቡበት። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ወንዙ እንደገና ለዘብ አለ። በአንድ አገር ውስጥ ያሉ የሁለት ሪፐብሊኮች ወሰን ሆነ፤ ሰው ለቅዳሜ ገበያም፣ ለሠርግም፣ ለሥራም እንደልቡ ይሻገር ነበር።

1991 ላይ ዩጎዝላቪያ ስትፈርስ ድንበሩ የእውነት ድንበር ሆነ። ስሎቬንያ በ2004 አውሮፓ ኅብረት ገባች፣ ክሮኤሺያ እስከ 2013 ቆየች። በ2015 ስደተኞች በብዛት በባልካን በኩል ሲያልፉ ስሎቬንያ በሱትላ ዳርም ጭምር ምላጭ ያለው ሽቦ ዘረጋች። ከአያቱ ጀምሮ ዓሣ የሚያጠምድበት ወንዝ ላይ ሽቦ ሲዘረጋ የሚያይ ገበሬ ምን እንደሚሰማው መገመት አያስቸግርም። ሽቦው መነሣት የጀመረው 2022 ላይ ነው። በጥር 2023 ክሮኤሺያ ሸንገን ውስጥ፣ ማለትም እርስ በርስ የድንበር ፍተሻ ካስቀሩት የአውሮፓ አገሮች ማኅበር ገባችና ፍተሻው ቀረ። ደስታው ግን ዓመት አልሞላም፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ስሎቬንያ ለጊዜው ብላ ቁጥጥሩን መለሰችው።

ኮረብታው ላይ ያለው ፍርስራሽ ምንድን ነው?

ትሴሳርግራድ ይባላል፤ የንጉሠ ነገሥት ግንብ እንደማለት። ከዜሌኛክ በላይ ሸለቆውን ቁልቁል እያየ የቆመ የመካከለኛው ዘመን ግንብ ነው። መጀመሪያ የጼልዬ መሳፍንት ይዘውት ነበር። የእነሱ ዘር በ1456 ተቋረጠ። በኋላ ኤርዶዲ የሚባሉት የሀንጋሪና የክሮኤሺያ መኳንንት ወሰዱት። የክላኜትስ ታሪክ ለረጅም ጊዜ የኤርዶዲዎች ታሪክ ነው።

ግንቡ ስሙ የሚነሣው በ1573ቱ የገበሬዎች አመፅ ነው። በዛጎርዬ ፈረንጽ ታሂ የሚባል ጨካኝ ባለርስት ገበሬውን አስመረረው። ገበሬው ቤተ መንግሥት ድረስ አቤት አለ፣ ሰሚ አጣ። በጥር ወር መጨረሻ ዱላና ማጭድ ይዞ ተነሣ። መሪው ማቲያ ጉቤትስ ነበር፤ ከጦር አዛዦቹ አንዱ ኢሊያ ግሬጎሪች ይባላል። አመፀኞቹ ትሴሳርግራድን ያዙ፣ ሱትላን ተሻግረውም የማዶውን ገበሬ ለማነሣሣት ሄዱ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ገበሬው ወንዙን እንደ ድንበር አልቆጠረውም፣ ጭሰኝነቱ በሁለቱም ዳር አንድ ዓይነት ነበርና። አመፁ ሁለት ሳምንት እንኳ አልዘለቀም። የካቲት 9 ስቱቢትሳ አጠገብ ተሸነፉ። ጉቤትስ ዛግሬብ ተወስዶ ተገደለ። በጋለ የብረት ዘውድ ‹‹ነገሠ›› የሚለው ታሪክ እስከ ዛሬ ይተረካል።

ገዳሙ ውስጥ ምን አለ?

መሀል ከተማዋ ላይ ያለው የፍራንሲስካውያን ገዳም በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኤርዶዲዎች ደጋፊነት የተሠራ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር የቤተሰቡ መቃብር አለ። ከሁሉ የሚያስደንቁት ከብረታ ብረት የተሠሩ፣ በባሮክ ጌጥ የተዋቡ የ17ኛው ክፍለ ዘመን የሬሳ ሣጥኖች ናቸው። አንደኛው የክሮኤሺያ ገዥ የነበረው የዚግሙንድ ኤርዶዲ ነው።

የክሮኤሺያ ብሔራዊ መዝሙር እዚህ ተጻፈ የሚባለው እውነት ነው?

የአገሬው ሰው እንደዚያ ይላል። ግጥሙን የጻፈው አንቱን ሚሃኖቪች ነው። ‹‹የክሮኤሺያ አገር›› በሚል ርዕስ መጋቢት 14 ቀን 1835 ጋዜጣ ላይ ወጣ። ዜማውን በኋላ ዮሲፕ ሩኛኒን እንደሠራው ይነገራል። ሚሃኖቪች ዲፕሎማት ነበር፤ በቤልግሬድ፣ በተሰሎንቄ፣ በኢስታንቡልና በሌሎችም ከተሞች የኦስትሪያን መንግሥት ወክሎ ሠርቷል። በጡረታው ዘመን ክላኜትስ አጠገብ በኤርዶዲዎች ቤተ መንግሥት ይኖር ነበር፤ በ1861 እዚያው ሞቶ ክላኜትስ ተቀበረ።

ግጥሙን ሲያስብ በዓይነ ሕሊናው የታየው ዜሌኛክ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። በመቶኛ ዓመቱ፣ በ1935፣ ሸለቆው ውስጥ ለመዝሙሩ ሐውልት ቆሞለታል። ለመዝሙር ሐውልት ማቆም እኔ ሌላ ቦታ ሰምቼ አላውቅም።

ቲቶ ከዚህ አካባቢ ነው የሚባለውስ?

ጎረቤት ነው። ከጦርነቱ በኋላ የዩጎዝላቪያ መሪ የነበረው ዮሲፕ ብሮዝ ቲቶ በ1892 የተወለደው ዜሌኛክን አልፎ በምትገኘው በኩምሮቬትስ መንደር ነው። እናቱ ከወንዙ ማዶ፣ ከስሎቬንያዋ ፖድስሬዳ አካባቢ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ሰውየው በሱትላ ሁለት ዳር የተወለደ ነው ብል አላጋነንኩም።

የተወለደበት ቤት አጠገብ ካፖርት ለብሶ፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ እያሰበ የሚራመድ የነሐስ ሐውልት አለ። ሐውልቱ የቆመው 1948 ነው። በ2004 ማብቂያ ሰዎች ፈንጂ አጥምደው ራሱን ቆርጠውት ነበር፤ ተጠግኖ ተመልሷል። ቀራጺው የክላኜትሱ ሰው ነው፤ ወደ እሱ ልምጣ።

ቀራጺው ማን ነው?

አንቱን አውጉስቲንቺች። በ1900 ክላኜትስ ተወለደ። ዛግሬብ ከታላቁ ቀራጺ ከኢቫን ሜሽትሮቪች ዘንድ ተማረ፣ ቀጥሎ ፓሪስ ሄደ። በጦርነቱ ጊዜ ከቲቶ ፓርቲዛኖች (ሽምቅ ተዋጊዎች) ጋር ተሰለፈ። ከጦርነቱ በኋላ ዩጎዝላቪያ ትልቅ ሐውልት ስትፈልግ መጀመሪያ የምትጠራው እሱን ነበር።

ኒውዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ግቢ ያለችውን፣ ፈረስ ላይ ተቀምጣ በአንድ እጇ ሉል፣ በሌላው የወይራ ቅርንጫፍ የያዘችውን ሴት የሠራው እሱ ነው። ‹‹ሰላም›› ትባላለች፤ በ1954 ዩጎዝላቪያ የሰጠችው ስጦታ ነች። ለገበሬዎቹ አመፅ አራት መቶኛ ዓመትም በ1973 ጎርኛ ስቱቢትሳ ላይ የጉቤትስን ሐውልት አቁሟል።

ታዲያ ስድስት ኪሎ ምን አመጣው?

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ፋሺስቶቹ በበቀል አዲስ አበባን በደም አጠቡ። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ከነጻነት በኋላ ለሰማዕታቱ መታሰቢያ ሲሠራ ሥራው ለሁለት ዩጎዝላቭ ቀራጮች ተሰጠ። አንዱ አውጉስቲንቺች ነው። ሁለተኛው ፍራኖ ክርሺኒች ይባላል፤ እሱ ከባሕሩ በኩል፣ ከኮርቹላ ደሴት ነው። ሐውልቱ በ1955 ቆመ። ቁመቱ 28 ሜትር ነው። ጊዜው የሁለቱ አገሮች ፍቅር የደራበት ነበር። ጃንሆይ በ1954 ዩጎዝላቪያን ጎበኙ፣ ቲቶም በ1955 ማብቂያ ላይ አዲስ አበባ መጡ።

ግን ከፖለቲካው ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ከታች ዙሪያውን ያለውን የነሐስ ቅርጽ ቀርባችሁ እዩት። እኔ አራት ዓመት አልፌው ያላየሁት እሱን ነበር። መሣሪያ የደገኑ ወታደሮች አሉ፣ የወደቁ ሰዎች አሉ፣ ሙታናቸውን የሚያለቅሱ አሉ። ይህን የቀረጹት ሰዎች ወሬውን ከሩቅ የሰሙ አይደሉም። የእነሱም አገር በጣሊያንና በጀርመን ፋሺስቶች ተወርሮ፣ መንደሮቹ ተቃጥለው፣ ሰው በየግድግዳው ሥር ተረሽኖ አሥር ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። የደገነውን ወታደር ያውቁታል። ያለቀሰችውንም እናት ያውቋታል። ለዚህ ይመስለኛል ቅርጹ የውጭ ሰው ሥራ የማይመስለው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሌላ ሥራ አለው?

ሐረር የነበረው፣ ፈረስ ላይ የተቀመጠው የራስ መኮንን ሐውልት የአውጉስቲንቺች ነበር። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ በነበረው ረብሻ ተጎትቶ ወደቀ። ስለ ሐውልቱ መቆምና መውደቅ ሰዎች የተለያየ አስተያየት አላቸው፤ ያንን ክርክር እዚህ አልከፍትም። ኩምሮቬትስ ላይ የቲቶ ራስ በፈንጂ ሲቆረጥ፣ ሐረር ላይ ደግሞ ፈረሰኛው ሲወድቅ፣ የአንድ ሰው እጅ ሥራ በሁለት አገር አንድ ዓይነት ዕጣ ገጠመው። ያኛውን ጠግነው መለሱት።

ሙዚየሙ ውስጥ ምን ይታያል?

አውጉስቲንቺች በ1970 ሥራዎቹን ለትውልድ ከተማው ሰጠ። ማሳያው በ1976 በከተማዋ አደባባይ ተከፈተ፤ አደባባዩ በመዝሙሩ ገጣሚ በሚሃኖቪች ስም ይጠራል። ትንንሽ ሥራዎቹ፣ የሰዎች ምስሎችና ለአደባባይ የሠራቸው ሐውልቶች እየተለዩ ቀርበዋል። እሱ ራሱ በ1979 ዛግሬብ ሞተ፤ የተቀበረው ግን እዚሁ፣ በሙዚየሙ አጸድ ውስጥ ነው። መቃብሩ ላይ ያለው ‹‹ቁስለኛውን ተሸክመው›› የሚባለው የራሱ ሥራ ነው።

ምግቡስ?

ሽትሩክሊ ብሉ። የእኛ አይብ የሚመስል ትኩስ አይብ፣ እንቁላልና ጎምዘዝ ያለ ክሬም በስስ ሊጥ የተጠቀለለበት ነው። ጥበቡ ሊጡ ላይ ነው። ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ይነጠፋል። ሊጡ መሀል ይቀመጥና ሴቶቹ በእጃቸው ጀርባ እየሳቡ፣ ከጨርቁ በታች ያለው አበባ እስኪታይ ድረስ ያሳሱታል። አይቡ ይበተንበታል። ከዚያ በእጅ አይጠቀለልም፤ ጨርቁን ብድግ ሲያደርጉት ራሱ እየተንከባለለ ይጠቀለላል። በቢላዋም አይቆረጥም። በሰሐን ጠርዝ ጫን ጫን እያደረጉ ይከፋፍሉታል፤ ጠርዙ አፉን ስለሚዘጋው አይቡ አይፈስም። ይቀቀላል፣ ወይም ክሬም ፈሶበት ምድጃ ይገባል። ለጾመኛ ግን አይሆንም፣ ቀኑን አይታችሁ ሂዱ።

መሄድ ብፈልግስ?

በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ያስፈልጋል። ክሮኤሺያ ከ2023 ጀምሮ የሸንገን አባል ስለሆነች የሸንገን ቪዛ ያለው ሰው መግባት ይችላል። ገንዘቡም ከዚያው ዓመት ጀምሮ ዩሮ ነው። አውሮፓ ለምትኖሩ በጣም ይቀላል፤ ዛግሬብ ድረስ በረራ፣ ከዚያ መኪና። በሕዝብ መጓጓዣ የምትሄዱ ከሆነ የመመለሻውን ሰዓት አስቀድማችሁ አጣሩ። ትንሽ ከተማ ነች፣ ካመለጣችሁ አመለጣችሁ።

አንድ ቀን ብቻ ካለኝ ምን ልይ?

ጠዋት ሙዚየሙን፣ ቀጥሎ ገዳሙን። ምሳ ሽትሩክሊ። ከሰዓት በዜሌኛክ በኩል ኩምሮቬትስ ሂዱና የቲቶን ሐውልት እዩ። ስትመለሱ ወንዙ ዳር ቁሙ። ማዶ ያለው ሰው ቢያስነጥስ ይማርህ ማለት ትችላላችሁ፤ እሱ ያለው ሌላ አገር ነው።